ከመጠጥ ልማድ ለመውጣት የጓደኛ ርዳታ

በሰው ልጅ ላይ ከሚደርሱት በሽታዎች አብዛኞቹ ጐረቤትን ወደ በሽተኛው ቤት ይጠራሉ፤ የመጠጥ ሱስ ግን ጐረቤትን ከበሽተኛው ቤት ያባርራል። ወባ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ይዞት የተኛ ሰው ሲገኝ ዘመድ ይጠይቀዋል፤ ምግብ ይሠራለታል፤ ገንዘብ አዋጥቶም ወደ ሐኪም ይወስደዋል። በመጠጥ የተያዘ ሰው የሆነ እንደ ሆነ ግን ያው ዘመድ በመጀመሪያ ይመክረዋል፤ ቀጥሎ ይቈጣዋል፤ በመጨረሻም ይሸሸዋል። ስለዚህ በሽታው እየባሰ በሄደ መጠን በሽተኛው ብቻውን እየቀረ ይሄዳል፤ ብቻውን በቀረ መጠንም መጠጡ ብቸኛ ባልንጀራው ይሆናል።

በዐቢይ ጾም በአራተኛው እሑድ በቤተ ክርስቲያን የሚታሰበው መፃጉዕ 38 ዓመት በመጠመቂያው አጠገብ ሲተኛ ችግሩ የውሃው መራቅ አልነበረም። ውሃው በአጠገቡ ነበረ፤ የጐደለው ውሃው በተናወጠ ጊዜ አንሥቶ የሚያገባው ሰው ነበረ። በመጠጥ የተያዙትም ሰዎች እንዲሁ ናቸው። ሐኪም አለ፤ መድኃኒት አለ፤ ጠበል አለ፤ መካሪ ካህንም አለ። ነገር ግን በሽተኛው ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ፤ ሱባዔውን ጨርሶ ወደ ሰፈሩ በወረደ ጊዜ፤ በዚያች ማታ አብሮት የሚቀመጥና ችግሩን ከራሱ ችግር የሚያውቅለት ሰው የለውም። ሊታሰብበት የሚገባው ነገር ይህ የጐደለው ሰው ከወዴት እንደሚገኝ ነው።

የጥፋቱን ስፋት ለማወቅ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች ዘመን አቈጣጠር በ2024 ያወጣውን መግለጫ መመልከት ይበቃል። በ2019 ብቻ ከአልኮል የተነሣ 2.6 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ፤ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሰዎች መካከል 400 ሚሊዮን ያህሉ ከአልኮል አጠጣጥ በመጣ ሕመም እንደሚኖሩ፤ ከነዚሁም ውስጥ 209 ሚሊዮን የሚሆኑት ፈጽሞ የመጠጥ ጥገኛ እንደ ሆኑ ድርጅቱ ገልጿል። ቍጥሩ የጠጪዎቹ ብቻ ነው። የሚያመሹትን ሚስቶች፤ የትምህርት ቤት ክፍያ የቀረባቸውን ልጆች፤ የልጃቸውን እግር ድምፅ እያዳመጡ የሚያድሩትን እናቶች አይጨምርም።

በኢትዮጵያ ጠላና ጠጅ ከጥንት ጀምሮ የእንግዳ መቀበያ፤ የበዓል ማክበሪያ፤ የማኅበር መጠጫ ሆነው ኖረዋል። ጌሾ ወቅጣ፤ ጠላ ጠምቃ፤ ዐረቄ አውጥታ ልጆቿን ያሳደገች እናትም ብዙ ናት። ስለዚህ ነገሩ ያባቶችን ልማድ ለመንቀፍ ወይም በላብ የሚገኘውን እንጀራ ለማቃለል የሚነሣ አይደለም። ሆኖም ልማዱ ራሱ ለታመመው ሰው ወጥመድ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ መካድ አይቻልም። ሰርግ ቢሆን፤ ክርስትና ቢሆን፤ ተዝካር ቢሆን፤ አልጠጣም ያለ ሰው «በሞቴ» እየተባለ ይለመናል፤ እምቢ ቢል እንደ ኵሩ ወይም እንደ ተቀየመ ሰው ይቈጠራል። ለጤነኛው ይህ የፍቅር ጨዋታ ነው፤ መጠጥ ለተወ ሰው ግን የሦስት ወር ድካሙን ባንድ ብርጭቆ የሚያፈርስ ነው።

ብዙ ሰዎች ስካርን የጠባይ ብልሹነት ብቻ አድርገው ይቈጥሩታል። ሐኪሞች ግን አልኮል ለብዙ ጊዜ ያለ ማቋረጥ ሲጠጣ አንጐልና ሥጋ ከመጠጡ ጋር እንደሚለማመዱ፤ መጠጡም በድንገት ሲቀር ሰውነት እንደሚታወክ አረጋግጠዋል። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያሰምጣል፤ እንቅልፍ ይጠፋል። አጠጣጡ የበረታ ሰው ከሆነ ባንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው፤ ከሁለተኛውም እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ አእምሮው ሊቃዥና ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በቍጣ ወይም በስእለት ተነሥቶ ባንድ ቀን ከማቋረጡ በፊት አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። በዚህ ነገር ጀግንነት አያስፈልግም፤ በሐኪም ቍጥጥርና በተገቢው መድኃኒት ይህ አደጋ ሊታለፍ ይችላልና።

ነገር ግን የሐኪሙ ሥራ በሚያልቅበት ቦታ የበሽተኛው ሥራ ይጀምራል። ሥጋው ከመጠጡ ቢነጻም ልቡናው፤ መንገዱና ወዳጆቹ እንደ ነበሩ ናቸው። ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን ይመጣል፤ የለመደው መጠጥ ቤት በመንገዱ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ከቤቱም ቂም ያደረበት ፊት ይቀበለዋል። ሐኪሙ በወር አንድ ቀን ቢያየው ነው፤ የቀሩትን 29 ቀኖች ከማን ጋር ያሳልፋቸዋል? የብዙ ሰው ድካም የሚፈርሰው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህን ጥያቄ ከመለሱት መካከል ስማቸው ሊነሣ የሚገባ ሁለት አሜሪካውያን አሉ። በ1935 በግንቦት ወር የኒውዮርኩ የአክሲዮን ነጋዴ ቢል ዊልሰን በኦሃዮ ክፍለ አገር ወደምትገኘው ወደ አክሮን ከተማ ለንግድ ሥራ ሄዶ ሳይሳካለት ቀረ። መጠጥ ከተወ ገና ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖት ነበረ። በሆቴሉ አዳራሽ ብቻውን ሲመላለስ ከመጠጥ መሸጫው የሚመጣው ሣቅና ጫጫታ ሳበው። በዚያች ሰዓት እግሩን ወደዚያ በማዞር ፈንታ በአዳራሹ ከነበረው የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር የቄሶችን ስልክ ፈልጎ ደወለ፤ የጠየቀውም ገንዘብ ወይም ምክር ሳይሆን እንደ እርሱ በመጠጥ የተቸገረ ሰው እንዲያገናኙት ነበረ። በዚህም ምክንያት ሮበርት ስሚዝ ከሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ ለሩብ ሰዓት ብቻ ብሎ የመጣ ሲሆን ከስድስት ሰዓት በላይ ሲነጋገሩ አመሹ።

ሐኪሙ ከዚያ በፊት ብዙ መካሪ ሰምቶ ነበረ፤ ራሱም የሕክምና ሊቅ ስለ ሆነ ስለ አልኮል ጕዳት የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም ነበረ። በዚያች ማታ የሰማው አዲስ ነገር ቢኖር የሚያናግረው ሰው ያንኑ መከራ በራሱ ያየ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ቢወድቅም ሰኔ 10 ቀን 1935 (በፈረንጆች) የመጨረሻውን መጠጥ ጠጣ፤ በ1950 እስከ ሞተም ድረስ ዳግመኛ አልቀመሰም። ሁለቱ ሰዎች ብዙ ሳይቈዩ በከተማው ሆስፒታል የተኛ አንድ ጠበቃ ፈልገው ጐበኙ፤ እርሱም ሦስተኛ ሆነ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ማኅበር የተጀመረው እንዲህ ነው፤ ትርጓሜውም ስማቸውን ያልገለጹ የመጠጥ ሕሙማን ማለት ነው። በ1939 ትምህርቱን በመጽሐፍ አሳተመ፤ ዛሬም በ180 ያህል አገሮች ይገኛል።

የማኅበሩ ሥርዐት ቀላል ነው። ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ የመተው ፍላጎት ብቻ ነው፤ መዋጮ በግዴታ አይከፈልም፤ ለአዳራሹ ኪራይና ለሻዩ የሚሆነውን አባሎቹ እንዳቅማቸው ይጥላሉ፤ ከውጭም ስጦታ አይቀበሉም። በስብሰባው ጊዜ አንዱ ተነሥቶ እንዴት እንደ ነበረ፤ ምን እንደ ደረሰበትና አሁን እንዴት እንዳለ ይናገራል፤ ሌሎቹ ያዳምጣሉ። ንግግሩን የሚያቋርጥ፤ የሚፈርድ፤ የሚከራከር የለም። አዲስ የመጣው ሰው ከቈዩት አንዱን መሪ አድርጎ ይመርጣል፤ ያም ሰው ሌሊት እንኳ ቢሆን ስልኩን ያነሣለታል። አንዳንዱ ስብሰባ ለማንም ሰው ክፍት ሲሆን ሌላው ለሕሙማኑ ብቻ የተዘጋ ነው። በስብሰባ የተሰማ ነገር ወደ ውጭ አይወጣም፤ የአባሉም ስም ለጋዜጣ አይሰጥም።

ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልተደረገም። ከዚህ ማኅበር አስቀድሞ በ1840 በባልቲሞር ከተማ ስድስት ጠጪዎች የጀመሩት ዋሽንግተናዊ የተባለ እንቅስቃሴ በጥቂት ዓመታት እጅግ ብዙ ሰው ሰብስቦ ነበረ፤ ነገር ግን በፖለቲካና በሌላም ክርክር ገብቶ ተከፋፈለና ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ተበተነ። ስለዚህ የኋለኞቹ ከዚህ ዐይነቱ ክርክር ሁሉ መራቅን ሥርዐታቸው አደረጉ። በኢትዮጵያም እንዲህ ያለ ስብሰባ ሲቋቋም አንዱ ወገን ለራሱ ስም ማውጫ፤ ሌላውም ለገንዘብ መሰብሰቢያ እንዳያደርገው ከመጀመሪያው መጠበቅ አለበት።

እንዲህ ያለው መሰብሰብ በእውነት ይጠቅማልን? ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2020 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ምርመራዎችን የሚያመዛዝን ድርጅት 27 ጥናቶችን፤ በነርሱም ውስጥ የተመረመሩትን ከ10,000 በላይ ሰዎች አመዛዝኖ ውጤቱን አውጥቷል። በሽተኛውን በሥርዐት ወደ ስብሰባው የሚያቀራርበው ሕክምና መጠጥን ፈጽሞ በመተው ረገድ ከሌሎቹ የምክር ሕክምናዎች የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ፤ ካንድ ዓመት በኋላ ከ100 ሰዎች 42ቱ መጠጥ ትተው ሲገኙ በሌላው ሕክምና የተገኙት 35 ነበሩ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፤ ስብሰባው እንደ ተራ ወግ የሚናቅ እንዳልሆነ፤ ሁለተኛው ደግሞ ሁሉን የሚያድን ተአምር እንዳልሆነ ነው። ያልተሳካለትም ሰው ሌላ ሕክምና መሻት ይገባዋል እንጂ ተስፋ መቍረጥ አይገባውም።

ዋናው ጭንቅ ያለው በመጀመሪያው ቀን ነው። በ1981 በአሜሪካ የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት ይህን በግልጥ ያሳያል። 20 ሕሙማን በሁለት ተከፈሉ። ለ10ሩ ስብሰባው የት እንደ ሆነ ተነግሮ እንዲሄዱ ተመከሩ። ለቀሩት 10 ግን አማካሪው እዚያው በፊታቸው ለማኅበሩ አባል ስልክ ደውሎ አነጋገራቸው፤ አባሉም መጥቶ አብሯቸው ለመሄድ ቀጠሮ ሰጠ። የተመከሩት አንዳቸውም አልሄዱም፤ ሰው የተላከላቸው ግን ሁሉም ሄዱ። የተመረመሩት ሰዎች ጥቂት ቢሆኑም ነገሩ ለማንም ግልጥ ነው። ታሞ ያፈረን ሰው «ሂድ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ «ና፤ አብረን እንሂድ» የሚለው ያስፈልገዋል።

ከመጠጥ ለመውጣት የሚሻ ሰው ስብሰባ ለማግኘት መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥበትን ቦታ ነው። በአዲስ አበባ እንደ አማኑኤል ሆስፒታል ያሉት፤ በየክፍለ አገሩም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች በሱስ የተያዙትን ይቀበላሉ፤ አብረው የታከሙና የሚገናኙ ሰዎች ካሉም ሊያመለክቱት ይችላሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የሆነ እንደ ሆነ በየከተማው የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የስብሰባውን ቦታና ሰዓት በስልክ ይነግረዋል። ከ2020ው የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ በስልክና በቪዲዮ የሚደረጉ ስብሰባዎች ስለ በዙ ርቀት እንደ ቀድሞው ምክንያት አይሆንም። ምንም ባልተገኘበት ቦታ ደግሞ አክሮንን ማስታወስ ነው፤ በዚያ የተጀመረው በሁለት ሰዎች ብቻ ነበረና።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነገሮችን ቢያውቅ ፍርሀቱ ይቀልለታል። ለመናገር አይገደድም፤ ከኋላ ተቀምጦ ቢያዳምጥ ማንም አያስነሣውም። ሙሉ ስሙን፤ መሥሪያ ቤቱንና ማዕርጉን መግለጽ አያስፈልገውም። ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደርስ ካንድ ሰው ጋር ለመተዋወቅ ጊዜ ያገኛል፤ ሲወጣም ቢያንስ ያንድ ሰው ስልክ ይዞ ቢሄድ መልካም ነው። የመጀመሪያው ስብሰባ ደስ ባይለው በሽታው አልተፈወሰም ብሎ አይደምድም፤ የሰዎቹ ጠባይ ከቦታ ቦታ ይለያያልና ሌላ ይሞክር። በአሜሪካ ለጀማሪዎች በ90 ቀን 90 ስብሰባ እንዲሄዱ የመምከር ልማድ አለ። ይህን ያህል ባይቻል እንኳ መደጋገሙ እንደሚጠቅም ሊታወቅ ይገባል፤ አንድ ቀን ታይቶ የሚቀር ትምህርት የለምና።

ቤተ ሰብም መዘንጋት የለበትም። በ1951 የቢል ዊልሰን ሚስት ሎይስ ዊልሰን ከባልንጀራዋ ጋር ሆና አል አኖን የተባለውን የጠጪዎች ቤተ ሰብ ማኅበር ማቋቋሟ ብልህነት ነው። የጠጪ ሚስት ለብዙ ዓመታት ለአለቃው ስትዋሽለት፤ ዕዳውን ስትከፍልለት፤ በጐረቤት ፊት ስትሸፍነው ኖራ ኀይሏ ያልቃል። እርስዋም የሚያዳምጣት ሰው ያስፈልጋታል። ደግሞም እያዘኑ ከመሸፈንና እየተቈጡ ከመሳደብ ሌላ ሦስተኛ መንገድ እንዳለ የምትማረው ከደረሰባቸው ሰዎች ነው።

«ሰካራሞች ተሰብስበው ምን ሊመካከሩ ነው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የገደሉን አፋፍ ለማሳየት በዚያ ወድቆ ከተነሣው ሰው የበለጠ መሪ የለም። ሌላውም ሰው «ጸሎትና ጠበል እያለ ይህ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። ጸሎትን የሚከለክል የለም፤ ስብሰባውም በእምነቱ የሚጸናውን ሰው አይቃወምም፤ ይልቁንም ከጠበል የተመለሰው ሰው ያገኘውን ምሕረት የሚጠብቅበት ቦታ ይሆንለታል። ሦስተኛውና ብርቱው መሰናክል ግን ኀፍረት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ያገር ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል፤ ሰፈር ሁሉ የሚያውቀውን በሽታ በሽተኛው ብቻ ሸሸግሁ ሲል ይኖራልና።

የመንግሥት አዋጅ ድርሻውን ጀምሯል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰውም መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ይህ ገና ያልተያዘውን ወጣት ለመጠበቅ ነው። የተያዘውን ለማውጣት ግን አዋጅ ብቻውን አይበቃም፤ ጠርሙስን ከማስታወቂያ ማውጣት ይቻላል፤ ካንድ ሰው እጅ ማስጣል ግን የሌላ ሰው እጅ ይፈልጋል። ከሹማምንቱ የሚፈለገው በሳምንት ሁለት ማታ አንድ የቀበሌ ክፍል መክፈት፤ መብራት ማብራት፤ ከዚያም ሕሙማኑን ራሳቸውን በራሳቸው እንዲመሩ መተው ነው። የስም ዝርዝር የሚጠይቅ ሹም በሩ ላይ የቆመ እንደ ሆነ ወደ ውስጥ የሚገባ አይገኝም።

የመሥሪያ ቤት አለቆችም ሰክሮ የመጣውን ሠራተኛ መቅጣት መብታቸው ነው፤ ነገር ግን ራሱ ቀርቦ ታምሜአለሁና ልታከም ያለውን ከሰከረው ጋር እኩል መቅጣት ሌላው ሁሉ እንዲደበቅ ማስተማር ነው። የጽዋ ማኅበርና የሰንበቴ አባቶችም ከጠላው አጠገብ ብርዝ ወይም ሻይ አስቀምጠው፤ አልጠጣም ላለው ሰው ያለ ልመና ቢያቀርቡለት ሥርዐታቸው አይጐድልም።

ከሁሉ ይልቅ ዕድሮች ይህን ነገር ሊያስቡበት ይገባል። ዕድር ማለት ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳን የሚተክል፤ ንፍሮ የሚቀቅል፤ ሬሳ የሚሸኝ ያገሩ ኵራት ነው። በመጠጥ የሞተውንም ሰው ሦስት ቀን ተቀምጦ ያለቅስለታል። ነገር ግን ለሞተው የሚተከለው ድንኳንና የሚደረደረው ወንበር በሕይወት ላለው በሽተኛ በሳምንት አንድ ማታ ቢውል የለቅሶው ቍጥር ሳይቀንስ አይቀርም። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ እንደ ሆነ ያስተማሩት አባቶች ዕድርን ያቋቋሙት ለዚሁ ዐይነት ነገር ነውና።

ተነሥቶ የወደቀ ሰው ቢኖርም እንደ ጠፋ አይቈጠር። ሐኪሙ ሮበርት ስሚዝ እንኳ ቢል ዊልሰንን ካገኘ በኋላ ባንድ ወር ውስጥ ወድቋል፤ የዳነውም ወዳጁ በሩን ስላልዘጋበት ነው። ብዙ ጊዜ የወደቀ ሰው ወደ ስብሰባው ለመመለስ የሚያፍረው የሚሣቅበት መስሎት ነው፤ በዚያ ቤት ግን ወድቆ የማያውቅ ሰው ስለሌለ የሚሥቅ አይኖርም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ደመወዝ በሚከፈልበት ማታ አንድ ሰው በመጠጥ ቤቱና በቤቱ መካከል ባለው መንገድ ላይ ይቆማል። የአክሮኑ እንግዳ በዚያች ሰዓት የስልክ ቍጥርና የሚሰማው ሰው ስላገኘ ዳነ። ለዚህም ሰው የሚሄድበት ክፍል የተከፈተ፤ የሚደውልለትም ሰው የተዘጋጀ ይሁን። ወንድሙን ከ38 ዓመት ተኝቶበት ካለው አልጋ ለማንሣት የሚሻ ሁሉ ምክሩን ትቶ እጁን ይዘርጋ፤ እስከ በሩም አብሮት ይሂድ።